ከቢላል ድምፅ እስከ ኪሳችን ስልክ



የሰው ልጅ በሩቅ ያለውን ወንድሙን ለመጥራት ያልሞከረው ነገር የለም። ቀንድ ነፍቷል፣ ነጋሪት ጎስሟል፣ እሳት አንድዷል፣ እንጨትና ድንጋይ ደውሏል። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዳችን የጥሪ ድምፃችንን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። እናታችን ስትደውል አንድ ዓይነት፣ ደንበኛችን ሲደውል ሌላ ዓይነት፣ መልእክት ሲገባ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ድምፅ እንዲሰማ አድርገን ስልካችንን ማስተካከል እንችላለን። ነገሩ ሲታይ ቀላል የጣት ሥራ ነው። ሆኖም ከበስተጀርባው ረዥም ታሪክ አለው፤ ከታሪኩም አንዱ ታላቅ ምዕራፍ የእኛው የሙስሊሞች ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ከቃኘን በኋላ፣ ለስልካችን የምንመርጠው ድምፅ ለምን እንደ ተራ ጉዳይ መታየት እንደሌለበት እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዲናው ምክክር

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ የሙስሊሞች ቁጥር እየበዛ ሄደ። በመጀመሪያ ላይ ሰዎች ወደ ሶላት የሚሰበሰቡት ጊዜውን በግምት እየለኩ እንጂ የሚጠራቸው ኖሮ አልነበረም። ከቤቱ የራቀ፣ በቴምር እርሻው ላይ የዋለ፣ በገበያ የተያዘ ሰው ሶላቱ ያመልጠው ነበር። በዚህ የተነሣ ሶሓቦች ተሰብስበው ተመካከሩ። ገሚሶቹ እንደ ክርስቲያኖቹ ናቁስ ይመታ አሉ። የያኔው ናቁስ በበትር የሚመታ እንጨት ነበር። ሌሎች እንደ አይሁዶቹ ቀንድ ይነፋ አሉ። እሳት ይቀጣጠል የሚል ሐሳብ መቅረቡም ተዘግቧል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ደግሞ ሰዎችን ወደ ሶላት የሚጠራ አንድ ሰው ለምን አንልክም ሲሉ ጠየቁ።

ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ሕልም አዩ። በሕልማቸው ናቁስ የተሸከመ ሰው አገኙና እንዲሸጥላቸው ጠየቁት። ሰውየውም ለምን እንደፈለጉት ጠይቆ ከተረዳ በኋላ፣ ከዚህ የተሻለ ላሳይህ በማለት ዛሬ የምናውቃቸውን የአዛን ቃላት አስተማራቸው። ሲነጋ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢነግሯቸው እውነተኛ ሕልም መሆኑን አረጋገጡላቸው። ከዚያም ቃላቱን ለቢላል እንዲነግሩት አዘዟቸው፤ ምክንያቱም የቢላል ድምፅ ከእሳቸው ድምፅ ይበልጥ ርቆ የሚሰማ ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ) ጥሪውን ከቤታቸው ሆነው ሲሰሙ ልብሳቸውን እየጎተቱ ወጡና እሳቸውም ያንኑ ሕልም ማየታቸውን ተናገሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። የመጀመሪያው፣ ሕልሙን ያየው አንድ ሰው፣ የጠራው ግን ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ድምፅ እንዲሁ የተገኘ አልነበረም፤ ታስቦበት ተመረጠ። የተመረጠውም የሐበሻው ልጅ፣ ትናንት በመካ አሸዋ ላይ ደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት የነበረው ቢላል ነው። ሁለተኛው፣ ናቁስም ሆነ ቀንድ ሰውን ይጠራሉ እንጂ ለምን እንደጠሩት አይነግሩትም። አዛን ግን ጥሪም ነው፣ ትምህርትም ነው። ወዴት እንደምትሄድ፣ ለማን እንደምትሰግድ፣ ምን እንደምታገኝ እየነገረ ይጠራሃል።

ሁለት ድምፅ፣ ሁለት ትርጉም

ስልክ ላይ ለእያንዳንዱ ደዋይ የየራሱን ድምፅ መስጠት የዘመናችን ፈጠራ ይመስለናል። መዲና ግን ይህን ጥበብ በሰው ድምፅ ታውቀው ነበር። በረመዷን ሌሊት ሁለት አዛን ይደረግ ነበር። የመጀመሪያውን የሚያደርገው ቢላል ሲሆን፣ እሱ የሚጠራው ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፣ የተኛው እንዲነቃና በሶላት ላይ የቆመው ወደ ሱሑሩ እንዲመለስ ነው። ሁለተኛውን የሚያደርጉት ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ናቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የቢላልን ጥሪ ሲሰሙ መብላት መጠጣታቸውን እንዲቀጥሉ፣ የኢብኑ ኡሙ መክቱም ጥሪ ሲሰማ ግን እንዲያቆሙ ሰዎችን አስተምረዋል። የሚጠሩት ወደ አንድ ሶላት ቢሆንም፣ የመዲና ሰው በጨለማ ቤቱ ተቀምጦ በድምፁ ብቻ ማን እንደጠራና ምን ማድረግ እንዳለበት ይለይ ነበር። ጾሙን የጠበቀለት ይህ የጆሮ ዕውቀት ነው።

ጥሪው እንደ ሁኔታውም ይስተካከል ነበር። በሱብሒ አዛን ላይ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚያስታውስ ቃል ተጨምሮበታል። በከባድ ዝናብና በብርድ ሌሊት ደግሞ ሙአዚኑ ሰዎች በያሉበት እንዲሰግዱ ያሳውቅ ነበር። ይህ ሱንና ከዘመናት በኋላ በእኛም ዕድሜ ተሰምቷል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት የኩዌት ሙአዚኖች በቤታችሁ ስገዱ እያሉ ሲጠሩ ዓለም አድምጧል።

የአቡ መሕዙራም (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ላይ የሚረሳ አይደለም። በ630 መካ ከተከፈተች በኋላ ይህ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሙስሊሞችን አዛን በማሾፍ ያስመስል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድምፁን ሰምተው አስጠሩት፤ አልቀጡትም። አዛኑን ቃል በቃል አስተማሩትና የመካ ሙአዚን አደረጉት። እንግዲህ ያው ድምፅ፣ ያው ቃል ነው። ለቀልድ ሲሆን ማሾፊያ ሆነ፤ ለተፈጠረለት ዓላማ ሲውል ደግሞ ክብር ሆነ። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ደወል፣ ስልክና ቢልቢላ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የድሮ ኢትዮጵያ ከአዋጅ ነጋሪት እስከ ከብት ቃጭል በድምፅ የምትተዳደር ነበረች። በጣና ሐይቅ ገዳማት እስከ ዛሬ ድረስ በድንጋይ የሚደወል ደወል አለ። ነጋሪት ሲጎሰም ሰው አዋጅ መኖሩን ያውቃል፤ የሰማውም ላልሰማው ያሰማል። በሙስሊሙ መንደር ደግሞ ሙአዚኑ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠራል። እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤትና ትርጉም ነበረው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ ድምፅ መጣ። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው 1894 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረዥም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው ከቤተ መንግሥቱ ተነሥቶ በመስጂዶቿ ብዛት ወደታወቀችው ከተማ መድረሱ ራሱን የቻለ ትዝብት ነው። ሰው በሌለበት ድምፁ የሚሰማበት ይህ መሣሪያ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ እንደነበረም ይተረካል።

ለአዲሱ ዕቃ የወጣለትን ስም ብንመረምር ደግሞ አገራችን ምን ያህል የተዛመደች እንደሆነች እናያለን። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ ሲልክ ማለት ሽቦ ነው። ደወለ የሚለው ግሥ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር አንድ ሥር አለው። እኛ በምንኖርበት በአርሲ ደግሞ በኦሮምኛ ስልክ ቢልቢላ ይባላል፤ ቢልቢላ ማለት ቃጭል፣ ደወል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የጎበሳ ሰው አዳማ ላለው ወንድሙ ስልክ ደወልኩለት ሲል፣ ወይም በኦሮምኛ ስለ ቢልቢላው ሲያወራ፣ የዐረብኛውን ሽቦ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የእረኛውን ቃጭል ሳያውቀው በአፉ ያነሣቸዋል።

ድምፁ የግል ሲሆን

የስልክ ደወል ራሱ የስልክ ታናሽ ወንድም ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ለስልክ የፈጠራ መብት ሲያገኝ መሣሪያው ሰውን የሚጠራበት ደወል አልነበረውም። ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን ነው በ1878 ሁነኛውን ደወል የሠራለት። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ደዋዩ እጀታውን ሲያሽከረክር የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በሌላው ጫፍ ያለችውን ትንሽ መዶሻ በሁለት ደወሎች መካከል ያርገበግባታል። ይህ ድምፅ ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ሁሉ አገልግሏል። ለንጉሥም ለነጋዴም፣ ለሐዘንም ለደስታም ድምፁ ያው ነበር።

በአገራችን ትናንሽ ከተሞች ደግሞ ስልክ የከተማው ሁሉ እንጂ የአንድ ሰው አልነበረም። ከሩቅ የሚፈለግ ሰው በመጥሪያ ይነገረውና በተቀጠረው ሰዓት ስልክ ቤት ሄዶ ይጠብቃል። ተራው ደርሶ ሲጠራ ሮጦ ገብቶ እየጮኸ ያወራል፤ ውጪ የቆመው ሁሉ ይሰማዋል። ጥሪ ብርቅ ስለነበረ ሰው ለጥሪ ልብሱን ለብሶ ይወጣ ነበር።

ድምፁ የግል ምርጫ መሆን የጀመረው በ1996 በጃፓን ነው። በዚያ ዓመት የድምፅ ምርጫ የሚሰጡና ባለቤታቸው የራሱን ዜማ ሊያስገባባቸው የሚችል የእጅ ስልኮች ተከታትለው ለገበያ ወጡ። በ1998 ቬሳ ማቲ ፓናነን የተባለ ፊንላንዳዊ በመልእክት መልክ ወደ ስልክ የሚላክ የጥሪ ድምፅ ሠርቶ ለንግድ አበቃ። ብዙም ሳይቆይ የጥሪ ድምፅ ሽያጭ በዓለም ታላቅ ገበያ ሆነ። ሁላችንም የምናውቀው የኖኪያ ዜማ ፍራንሲስኮ ታሬጋ የተባለ ስፔናዊ በ1902 ለጊታር ከደረሰው ሥራ የተቀነጨበ ነው። የኖኪያ የመልእክት ድምፅም፣ ሦስት አጭር፣ ሁለት ረዥም፣ እንደገና ሦስት አጭር የሚለው፣ በቴሌግራፍ ፊደል አጭር የጽሑፍ መልእክትን የሚያመለክቱት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው።

ሞባይል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1999 በአዲስ አበባ ሲሆን ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ተዳረሰ። በመጀመሪያ ዘመን አንድ ስልክ ሲጮህ አሥር ሰው ኪሱን ይዳብስ ነበር፤ የሁሉም ድምፅ አንድ ነበርና። ቀጥሎ በሜሞሪ ላይ ዘፈን፣ መንዙማና ነሺዳ የሚጭኑ ሱቆች በየከተማው ተከፈቱ። የጥሪ ማሳመሪያ የሚባለው አገልግሎትም መጣና ደዋዩ የሚሰማው ድምፅ ጭምር የሚመረጥ ሆነ። ዛሬ ስማርት ስልክ የያዘ ሰው የፈለገውን ድምፅ ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ ለፈለገው ሰው መመደብ ይችላል።

አዛን ወደ ኪስ ሲገባ

ሙስሊሙም ከዚህ ገበያ ውጪ አልሆነም። በ2004 ኢልኮን የተባለ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ አዛን የሚያሰማ የእጅ ስልክ በመካከለኛው ምሥራቅ ለገበያ ቀረበ፤ በዚያው ሰሞን ኤልጂ ደግሞ ቂብላ የሚያመለክት ስልክ አውጥቶ ነበር። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ የሶላት ወቅት ማስታወሻ ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ሆኑ። ይህ መልካም ነው። አዛን በማይሰማበት አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን፣ ሌሊት መኪና የሚነዳ ወንድማችን በዚህ ተጠቅመዋል። እዚህ ላይ አዛኑ በወቅቱ፣ ለሶላት፣ ለተፈጠረለት ሥራ ውሏል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ወንድሞቻችን ከዘፈን ይሻላል ብለው፣ ለዲን ካላቸው ፍቅር የተነሣ፣ አዛንን ወይም የቁርኣን አንቀጽን የስልካቸው መጥሪያ አድርገዋል። ኒያቸው መልካም መሆኑን አንጠራጠርም። ግን ዑለማዎች ምን አሉ? መካ በሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ ሥር ያለው የፊቅህ ጉባኤ በ2007 ባደረገው ስብሰባ የቁርኣን አንቀጾችን ለስልክ መጥሪያና ለጥበቃ ድምፅ ማዋል እንደማይፈቀድ ወስኗል። ምክንያቱም ቂርኣቱ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ችላ ይባላል፣ በማይገባ ቦታም ሊሰማ ይችላል። ቁርኣንን በስልክ ቀርጾ ማዳመጥ ግን ችግር የለበትም ብሏል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ዶክተር ዐሊ ጁምዓም በ2010 ተመሳሳይ ፈትዋ ሲሰጡ፣ አዛን የሶላት ወቅት መግባቱን ለማሳወቅ የተደነገገ ስለሆነ የስልክ መጥሪያ ማድረጉ ሰዎችን እንደሚያደናግር አስረድተዋል።

መደናገሩ በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ረመዷን ነው እንበል። ቤተሰቡ ማዕድ ከቦ ተምሩን ይዞ መግሪብን ይጠብቃል። በዚያች ሰዓት የአንዱ ስልክ በአዛን ድምፅ ቢጮህ ሕፃኑ ተምሩን ይጎርሳል፤ አዛውንቷም ውሃቸውን ያነሣሉ። መዲና በሁለቱ ሙአዚኖች ድምፅ ለይታ የጠበቀችውን ጾም እኛ በአንድ ስልክ እናፈርሰዋለን ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በጆሯችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አንድ ድምፅ ትርጉሙ የሚጸናው ከሰማነው በኋላ በምናደርገው ነገር ነው። አባቶቻችን አዛን ሲሰሙ ዕቃቸውን አስቀምጠው ወደ ውዱእ ይነሡ ስለነበር፣ አዛን ማለት መነሣት ማለት ሆኖ በልጆቻቸው ልብ ተቀረጸ። አዛኑ የስልክ መጥሪያ የሆነበት ሰው ግን በቀን አሥር ጊዜ ሲሰማው አሥር ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድና ድምፁን ይቆርጠዋል። ወደ ሶላት ኑ የሚለው ጥሪ ሳይፈጸም አቤት፣ ማን ልበል ይላል። መደወል የማይገባው ሰው ከሆነ ደግሞ በአውራ ጣቱ ያጠፋዋል። ይህን በቀን አሥር ጊዜ፣ በወር ሦስት መቶ ጊዜ የሚደጋግም ጆሮ ምን ይማራል? አዛን ማለት የሚጠፋ ነገር መሆኑን ይማራል። በመድረሳችን ይህን በዓይናችን እናያለን። በቂርኣት መሐል ከአንድ ቦታ አዛን ሲሰማ፣ በፊት ደረሶች ቀና ብለው ወደ መስኮት ያዩ ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚተያዩት እርስ በርስ ነው፤ የማን ስልክ ነው ለማለት።

የአቡ መሕዙራን ታሪክ ያዙት ያልነው ለዚህ ነው። እሱ ከማሾፍ ተነሥቶ ወደ ክብር ወጣ። እኛ ደግሞ ከፍቅር ተነሥተን፣ ሳናስበው፣ የተከበረውን ድምፅ ተራ እንዳናደርገው ልንሰጋ ይገባል።

ምን እናድርግ?

መፍትሔው ስልክን መጣል አይደለም። ለደዋዮች መጥሪያ ዘፈንም፣ አዛንም፣ ቁርኣንም ያልሆነ፣ ቀለል ያለ የማሳወቂያ ድምፅ እንምረጥ፤ እያንዳንዱ ስልክ እንዲህ ያሉ ብዙ ድምፆች አሉት። ለወላጆቻችንና ለቤተሰባችን የተለየ ድምፅ እንመድብ፤ የእናት ጥሪ ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንዳይታለፍ ይረዳናል። ለሶላት ወቅት ብቻ አዛንን እንተው፤ እሱም ሲሰማ ሳንቆርጠው እናዳምጠው፣ እየተከተልንም እንበል። በስልክ ቅንብሮች ውስጥ አትረብሽ የሚል አማራጭ አለ፤ በጁሙዓና በጀማዓ ሰዓት ስልኩ በራሱ ዝም እንዲል አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ይህን የረሳ ሰው በሶላት ላይ ሳለ ስልኩ ቢጮህ፣ ሰጋጆችን ከሚረብሽ ይልቅ በትንሽ እንቅስቃሴ ማጥፋቱ ሶላቱን እንደማያበላሽበት ዑለማዎች አስረድተዋል። በተለይ ልጆች ስልክ ይዘው የሚያድሩበት ቤት ካለ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይህን አንድ ምሽት ቢያስተካክሉት መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አዛን በሰው ድምፅ መኖሩን እንዳይቀር እናድርግ። በጎበሳ መብራት ሲጠፋ የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ይላል፤ ስልኮችም ባትሪያቸው ያልቃል። ሙአዚኑ ግን ብርዱን ችሎ ይወጣና በገዛ ጉሮሮው ይጠራል። በቤታችን ከጀማዓ የቀረን ጊዜም ከስልክ ከማሰማት ይልቅ ልጃችንን ቁም፣ አዛን በል እንበለው። ቢሳሳት እናርመው። በልጅነቱ በራሱ አፍ የጠራበትን ቃል በትልቅነቱ በአውራ ጣቱ አያጠፋውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ632 ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ቢላል (ረ.ዐ) አዛን ማድረግ እንደከበዳቸውና ወደ ሻም እንደሄዱ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሻምን በጎበኙ ጊዜ ቢላል እንዲጠሩ ተለምነው አንድ ጊዜ አዛን አደረጉ። በቦታው የነበሩት ሶሓቦች ያን ቀን ያለቀሱትን ያህል አልቅሰው አያውቁም ተብሏል። ቃላቱ እኮ አዲስ አልነበሩም፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚሰሟቸው ናቸው። ጆሯቸው ግን ያንን ድምፅ ከነቢዩ፣ ከመዲና ሶፎችና ከሱብሒ ጨለማ ጋር አንድ አድርጎ ጠብቆት ነበር። እኛም ለልጆቻችን እንዲህ ያለ ጆሮ እንድናወርስ አላህ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።